«አሰልጣኙን አባሩት!»፦ በማንቼ ንዴት ውስጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች ማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) በተሸነፈ ቁጥር የሚባለው ነገር ያው ነው። የአርሴ ደጋፊ ሙድ ይይዛል፤ የማንቼው ሰው ማኪያቶውን ገፍቶ አሰልጣኙንም ባለቤቶቹንም ይራገማል። ንዴቱ ያንሳል እንጂ አይበዛም፤ 20 ጊዜ የእንግሊዝ ሊግ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ እ.ኤ.አ. የ2024/25 ውድድርን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨርሷል። እኔን የሚያስቸግረኝ በንዴቱ መሀል የሚወረወረው «ማስረጃ» ነው።

«ችግሩ አሰልጣኙ ነው፤ እሱ ይሂድ እንጂ ሌላው ይስተካከላል»

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ2013 ከተሰናበቱ ወዲህ ሞይስ፣ ቫን ሃል፣ ሞውሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ እና አሞሪም በቋሚነት ተሹመዋል። አንዱ ኳስ ይዞ መቆየት ይወዳል፣ ሌላው ተከላክሎ መምታት፣ ሌላው በሦስት ተከላካይ መጫወት። አዲስ የመጣው ሁሉ የሚረከበው ለቀድሞው አሰልጣኝ ሐሳብ የተገዙ ተጫዋቾችን ነው። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ከላይ ያሉት ባለቤቶች፣ የግሌዘር ቤተሰብ፣ ግን እዚያው ናቸው። ይህን የሚያህል ክለብ የመጀመሪያውን የእግር ኳስ ዳይሬክተር የሾመው በ2021 ነው! ከዚያ በፊት ክለቡን ከላይ ሆኖ ይመራ የነበረው ኤድ ዉድዋርድ የባንክ ሰው ነው፤ ግሌዘሮች ክለቡን ሲገዙ ካማከሯቸው አንዱ ነበር።

የ2024ን ነገር ብቻ ተመልከቱ። ቴን ሃግ ግንቦት ላይ የኤፍኤ ዋንጫን አነሳ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ውሉ ተራዘመለት፣ ጥቅምት ላይ ተባረረ። ውሉን ያራዘሙትም ያባረሩትም ያው ሰዎች ናቸው፤ ካሳውን የከፈለው ደግሞ ክለቡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። አሰልጣኞቹ ከደሙ ንጹሕ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አሞሪም ለሦስት ተከላካይ ባልተሠራ ቡድን በአሰላለፉ ሙጭጭ ሲል ዋጋውን ያየነው ሜዳ ላይ ነው።

«ግሌዘሮች ገንዘብ አያወጡም»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመውና ከሁሉም በላይ የተሳሳተው ይኼ ነው። ፖግባን በ2012 በነጻ ለቀው፣ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መልሰው ገዝተው፣ በ2022 እንደገና በነጻ ሸኝተውታል። አንቶኒን በ95 ሚሊዮን ዩሮ ከአያክስ አምጥተው ከሦስት ዓመት በኋላ በሩብ ዋጋ ገደማ ለቤቲስ ሸጠውታል። ገንዘቡማ ወጥቷል፣ የወጣበት መንገድ ነው የሚያቃጥለው።

መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ የማን ነው የሚለው ነው። ቤተሰቡ በ2005 ክለቡን 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገምቶ ሲገዛ አብዛኛውን ተበድሮ ነው፤ የብድሩም ትልቅ ክፍል የተጫነው ከዚያ በፊት ይህ ነው የሚባል ዕዳ ባልነበረበት ክለብ ላይ ነው። ወለዱን የሚከፍለው ክለቡ ነው፤ ከትኬቱ፣ ከማልያውና ከቴሌቪዥኑ ገቢ። ክለቡ በ2012 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲገባም ከሽያጩ ግማሽ ያህሉ ወደ ቤተሰቡ ኪስ ገብቷል። ስለዚህ «ስስታሞች» የሚለው ስድብ አይገልጻቸውም። ያወጡት የክለቡን ነው፣ የወሰዱት ለራሳቸው ነው።

«ራትክሊፍ ገዝቶታል፤ ግሌዘሮች አሁን የሉም»

አሉ። እንግሊዛዊው ባለሀብት ጂም ራትክሊፍ በ2024 መጀመሪያ የገዛው ሩብ ያህል ድርሻ ነው፤ የእግር ኳሱን ሥራ ተረከበ እንጂ ዋነኞቹ ባለቤቶች አልተለወጡም። እሱም ቢሆን አጀማመሩ አላማረም፤ ብዙ ተለፍቶ የመጣው የስፖርት ዳይሬክተር ዳን አሽዎርዝ በአምስት ወር ተሰናብቷል።

«ፈርጉሰንም ሲጀምር ተሸንፏል፤ ይህንንም እንታገሥ»

ግማሹ እውነት ነው። ፈርጉሰን በ1986 መጥቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያገኘው በ1990፣ ሊጉን ደግሞ በ1993 ነው። በ1988/89 11ኛ፣ በቀጣዩ ዓመት 13ኛ ጨርሷል። ግን መሀል ላይ፣ በ1987/88፣ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፤ የታዳጊ ቡድኑንም ከሥሩ እየገነባ ነበር። የሚታይ ነገር ነበረ ማለት ነው።

የአርሴ ልጆች ደግሞ አሰልጣኛቸውን አርቴታን ይጠቅሳሉ። በተከታታይ ሁለት ጊዜ 8ኛ ሲወጣ «ይውጣ» ይሉ የነበሩት ራሳቸው መሆናቸውን ረስተዋል፤ ይሁን። አርሴናል ግን አሰልጣኙን ጠብቆ ዝም አላለም። እንደ ኦዚልና ኦባሜያንግ ያሉትን ባለ ትልቅ ደሞዝ ተጫዋቾች አሰናብቶ ቡድኑን በወጣቶች ለወጠለት።

«እዚህ ሆነን ብንጮህ ማን ይሰማናል?»

ከ2022 ጀምሮ የፕሪምየር ሊጉ የውጭ ሀገር የቴሌቪዥን ሽያጭ የእንግሊዙን በልጧል። የፒያሳው ተመልካች ለወንበሩ የሚከፍላት ብርም ዞራ ዞራ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ አለች፤ እንግዳ አይደለንም።

ጩኸት የሚያደርሰውን ግን ለይቶ ማወቅ ነው። በ2021 ትልልቅ የአውሮፓ ክለቦች ለብቻቸው ሊያቋቁሙት ያሰቡት የሱፐር ሊግ ሐሳብ ይፋ በሆነ በሦስተኛው ቀን ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጥተዋል። ከዚያ የማንቼ ደጋፊ የክለቡ ስታዲየም ኦልድ ትራፎርድ ገብቶ የሊቨርፑሉ ጨዋታ ለሌላ ቀን እንዲራዘም አደረገ። ቀኑ የእኛ ፋሲካ ነበር፤ ዶሮ ወጡን በልቶ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ባዶ ሜዳ ሲያይ ዋለ። ሱፐር ሊጉ ቀረ፣ ግሌዘሮች ግን እዚያው ቀሩ። ተቃውሞ ውሳኔ ያስለውጣል፤ መሸጥ የማይፈልግን ባለ አብላጫ ድርሻ ግን አያሸጥም።

«ባለሀብት የሌለው ክለብ ይሻላል»

ጀርመን ውስጥ አብዛኛው የድምፅ መብት በአባላት እጅ እንዲሆን የሊግ ደንብ አለ፤ እዚያ ይህ አባባል ያስኬዳል። የእኛ ሊግ ግን ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ንግድ ባንክ ከጀርባው ባንክ፣ በቀጣዩ ዓመት ያነሳው መድን ከጀርባው የመድን ድርጅት አላቸው፤ ብዙዎቹ የክልል ክለቦች ደግሞ በከተማ አስተዳደር በጀት ይኖራሉ። በጀቱ ሲዘገይ ደሞዝ ይዘገያል፣ ቡድኑ ሲሸነፍ አሰልጣኙ ይባረራል። እዚህ «ክለቡን ሽጡት» ብሎ የሚጮህ ደጋፊ ያልሰማነውም ሻጩ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ይመስለኛል።