የፍሬሽማን ቲቶር

ቲቶር በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲኒየር ተማሪዎች ለአንደኛ ዓመቶች (ፍሬሽማኖች) የጥናት ጥያቄ የሚመልሱበት ልማድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ፣ ባዶ ክላስ ተፈልጎ ይሰጣል። ሚድና ፋይናል ፈተና ሲቃረብ ወንበር ያጣ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ክፍያ የለውም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በጀነራል ሳይኮሎጂ፣ በጀነራል ባዮሎጂ እና በኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ላይ ነው። በእጄ የቀረው ማስታወሻ የእነሱ ነው።

የፍሬሽማን ዓመት በንጉሡም በደርግም ጊዜ ነበረ። በ1990ዎቹ መሰናዶ ሲመጣ ቀረ።

በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። የሞጁሎቹ (የኮርስ መጻሕፍቱ) ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ቲቶር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በተገኘው ቋንቋ ይሰጣል። የጠያቂው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ አይደለም፣ የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። የዚያ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ ዕድል አልቀናቸውም። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘጋ፣ ሁሉም ሞጁሉን በስልኩ ይዞ ቤቱ ገባ።

ታሪክ ላይ ትልቁ ራስ ምታት የዘመን አቆጣጠር ነው። ተማሪው ዓድዋን የሚያውቀው የካቲት 23 ቀን 1888 ብሎ ነው፣ ሞጁሉ ግን 1896 ይላል። «8 ደምር» ይባላል። ከዚያ የሰገሌ ጦርነት ይመጣል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ላይ 8 ሲደመር 1917 ይሆናል፣ ትክክለኛው ግን 1916 ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ ድረስ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 መደመሩን አንዴ የተረዳ ተማሪ ሁለተኛ አይሳሳትም። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17ም ሁሌ ይጠየቃል። የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ «ይችላል» ሲል፣ የጣሊያንኛው ያስገድደዋል። ይሄን ማስረዳት ደስ ይላል፤ ክላሱ በሙሉ ይነቃል።

ሳይኮሎጂ ላይ የፓቭሎቭ ውሻ ማንንም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የስኪነር ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው። «ኔጌቲቭ» ሲባል ሁሉም ቅጣት ይመስለዋል። እኛ በእማዬ ጭቅጭቅ ነበር የምናስረዳው። ልብስህን እስክታጥብ ትጨቀጭቅሃለች፣ ስታጥብ ዝም ትላለች። ጭቅጭቁ ስለቀረልህ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ታጥባለህ። ቅጣት ሥራን ያስቀራል፣ ይሄ ግን ያበዛል።

ባዮሎጂ ላይ ኦስሞሲስ በቋንጣ ይገባል፤ ጨው ከሥጋው ውሃ ይስባል። ሁለቱ የሴል አከፋፈሎች፣ ማይቶሲስና ሚዮሲስ፣ ግን የቁጥር ነገር ናቸው። በሰው ላይ የመጀመሪያው ባለ 46 ክሮሞዞም ሁለት ሴሎች ይሰጣል፣ ሁለተኛው ባለ 23 አራት።

ቲቶርን ማን ጀመረው የሚለው ያከራክራል። የትምህርት ክፍል ማኅበራት ናቸው የሚሉ አሉ። ሌሎች የሃይማኖት ኅብረቶችን ያነሳሉ። ሊሆን ይችላል። ሳይሰለቹ ያቆዩት ግን፣ በእኔ እይታ፣ የማኅበረ ቅዱሳን ግቢ ጉባኤያት (የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረቶች) ናቸው፤ የሌሎቹም ድርሻ እንዳለ ሆኖ። እዚያ ያደገ ሰው ይሄን ቢል አይፈረድበትም።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን መሥራት ቲቶር ነው ወይስ ማስኮረጅ? አንዳንድ መምህራን ይቆጣሉ። ጥያቄው እንዳለ ተደግሞ ከመጣ ጥፋቱ የቲቶሩ አይመስለኝም።

በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ በኋላ ሪሚዲያል፣ ማለትም የማለፊያ ውጤት ላላመጡ የሚሰጥ ማካካሻ ትምህርት፣ ተጀመረ። ሥራውም ተቀየረ። የሪሚዲያል ተማሪ የሚጠይቀው የሃይስኩሉን ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ቲቶሩ የፍሬሽማን ሞጁሉን አስቀምጦ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት ፍለጋ ይወጣል።