ለስላሳ ሰርፍ ቦርድ፦ ከአሠራሩ እስከ አጠቃቀሙ

ሰርፍ ማለት በቦርድ፣ ማለትም በሰሌዳ፣ የባሕር ማዕበል ላይ መንሸራተት ነው። በሰርፍ ማስተማሪያ ቦታዎች ደጃፍ ተደርድረው የሚታዩት ትላልቅና ደማቅ ቀለም ያላቸው ቦርዶች አብዛኞቹ ለስላሳ ቦርዶች ናቸው። ላያቸው በፎም የተሸፈነ ነው። ሲነኩት ጣት ትንሽ ሰርጎ ይገባል። የተለመደው ጠንካራ ቦርድ ግን በፋይበር ግላስ (የመስታወት ክር ጨርቅ) እና ሲደርቅ በሚጠነክር ሬዚን በተባለ ሙጫ ይለበጣል። ሰው ላይ ሲያርፍ ያቆስላል፣ ድንጋይ ሲነካው ደግሞ ይሰነጠቃል። ለስላሳው ሁለቱንም ችግር ያቀልላል። በዚህ የተነሳ ብዙዎች «የጀማሪ ዕቃ» ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በደንብ የተሠራ ለስላሳ ቦርድ ለልጅም፣ ለጀማሪ ጎልማሳም፣ ለተካነ ሰርፈርም ይሆናል። ቁም ነገሩ ያለው ቅርጹና መጠኑ ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ሃዋይ ውስጥ ነው። ቶም ሞሪ የተባለ አሜሪካዊ ሰርፈር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1971 አንድ የፖሊኢትሊን ፎም ወስዶ ለሁለት ቆረጠው። ቅርጹን ያወጣው በኤሌክትሪክ የሥጋ ቢላዋና በልብስ ካውያ ነበር። የካውያው ሙቀት ፎሙን እንዳያበላሸው መሃል ላይ ጋዜጣ አነጠፈ። ከዚያ የወጣው አጭር ሰሌዳ፣ ሰው በደረቱ ተኝቶ የሚንሸራተትበት ቡጊ ቦርድ ሆነ። ሞሪ በዚያው አስርት ዓመት ውስጥ ከማይክ ዶይል ጋር ተጣመረ። ዶይል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስመ ጥር ከነበሩት ሰርፈሮች አንዱ ነው። ሁለቱ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ለስላሳ ቦርድ «ሞሪ ዶይል» በሚል ስም ለገበያ አወጡ። ያ ቦርድ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ማዕበሉን የያዘበት ነው።

ሌላ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ነው። ካሊፎርኒያ የነበረው ክላርክ ፎም የተባለ ኩባንያ ለአብዛኞቹ የአሜሪካ ቦርድ ሠሪዎች የውስጡን ፎም ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2005 በድንገት ተዘጋ። ሠሪዎቹ ሌላ ዓይነት ፎምና ሌላ አቅራቢ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በዚያው ዘመን አካባቢ ዌቭስቶርም የተባለው ባለ 8 ጫማ ለስላሳ ቦርድ ኮስትኮ በተባለው ትልቅ መደብር መደርደሪያ ላይ ወጣ። አሜሪካ ያለ ሐበሻ ኮስትኮን ያውቀዋል። ሩዝና ዘይት ሊሸምት የገባ ሰው 99 ዶላር ከ99 ሳንቲም ከፍሎ ሰርፍ ቦርድ ይዞ መውጣት ቻለ። ዋጋው ለዓመታት እዚያው ላይ ቆየ። አዲስ ጠንካራ ቦርድ የዚያን ብዙ እጥፍ ያወጣል። አንዳንድ ነባር ሰርፈሮች ባሕሩ በጀማሪ ተጨናነቀ ብለው አጉረመረሙ። እኔ ግን ባሕር ላይ የመጫወት ዕድል ለብዙ ቤተሰብ መድረሱን እንደ ትልቅ ነገር ነው የማየው።

አንዱን ቦርድ መሃል ለመሃል ብንቆርጠው የምናየው ይህን ነው። እንብርቱ ፖሊስታይሪን የሚባል ነጭ ፎም ነው፤ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት። ቀላል ነው፣ በደንብ ይንሳፈፋል። ብቻውን ግን በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ይገቡበታል። ሻል ባሉት ቦርዶች ላይ እንብርቱ በፋይበር ግላስ ጨርቅም ይጠቀለላል። ከላይ የፖሊኢትሊን ፎም ይለበጥበታል። ሰው የሚተኛበትና የሚቆምበት እሱ ነው። ከሥር ደግሞ የሚያንሸራትት ጠንካራ ፕላስቲክ ይለጠፋል። ልስላሴው ላዩና ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፤ ውሃው ላይ የሚሄደው ሆዱ ጠንከር ማለት አለበት።

የርካሽና የጥሩ ቦርድ ልዩነት ወዲያው የሚታወቀው ሲተጣጠፍ ነው። ርካሹ ማዕበሉ ሲገፋው መሃሉ ላይ ይለመጣል፤ በመለመጡም ፍጥነት ይቀንሳል። ጠርዙም ድፍን ክብ ነው። ቀስ ባለ ማዕበል ላይ ይህ ጥቅም አለው፣ ቦርዱ በድንገት አይገለበጥም። ፈጣንና ቀጥ ባለ ማዕበል ላይ ግን ክብ ጠርዝ ውሃውን አይዝም፣ ይንሸራተታል። ለተካኑት የሚሠሩ ቦርዶች ጅራታቸው አካባቢ ጠርዛቸው ስል እንዲሆን የሚደረገው ለዚህ ነው። ከጅራቱ ሥር ያሉት፣ ቦርዱ አቅጣጫውን እንዲይዝ የሚረዱት ክንፎችም እንዲሁ ናቸው። ለጀማሪ የሚሠሩት ከሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ነው፣ እግር እንዳይቆርጡ። ከፍ ላለው ሰርፈር ደግሞ ጠንካራ ክንፍ መቀየር የሚቻልበት ቦታ ይተውለታል።

መጠን ስንመርጥ ዋናው ሊትር፣ ማለትም የቦርዱ ይዘት ነው። 80 ሊትር የሆነ ቦርድ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ቢገፋ ወደ 80 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይመልሳል፤ ከዚያ ላይ የራሱ ክብደት ይቀነሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ ከ7 ጫማ ተኩል እስከ 8 ጫማ፣ ማለትም 2.4 ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ከ70 ሊትር በላይ የሚይዝ ቦርድ ቢወስድ ይመረጣል። ከበድ ያለ ሰው 9 ጫማ ይሻለዋል። ለልጅ ከ5 እስከ 6 ጫማ ይበቃል፣ ተሸክሞ መሄድ አለበትና። ብዙ ሰው ቶሎ አጭር ቦርድ ይገዛና ማዕበል ሳይዝ ወቅቱ ያልቅበታል። ረጅሙ አያሳፍርም።

አጠቃቀሙ ላይ እንምጣ። ከባሕር ርቆ ላደገ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ውሃ ዋና ነው። ዋና የማይችል ሰው ቦርድ ይዞ ጥልቅ ውሃ አይገባም፤ ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያያዘው ገመድ ሲበጠስ መንሳፈፊያው አብሮ ይሄዳልና። ዋና የሚችል ደግሞ ወገቡ ድረስ በሚደርስ ውሃ ላይ፣ ተሰብሮ በሚመጣው ነጭ አረፋ ይጀምር። ቦርዱ ላይ ሲተኛ አፍንጫው ከውሃው ጥቂት ጣት ከፍ ይበል። ወደ ፊት ከበዛ አፍንጫው ይጠልቃል፣ ወደ ኋላ ከበዛ ቦርዱ ፍጥነት አጥቶ ይቆማል። አረፋው ጅራቱን ሲያነሳው ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መቅዘፍ ያስፈልጋል። ከዚያ መዳፍ ከደረት አጠገብ ቦርዱ ላይ ይዘረጋል፤ ጠርዙን መጨበጥ አይደለም። ደረት ቀና ይላል፣ የፊት እግር በሁለቱ እጆች መካከል ያርፋል፣ የኋላው ይከተላል። ጉልበት መታጠፍ አለበት። ዓይን ወደምንሄድበት እንጂ ወደ እግር አይይ። እግሩን ያየ ሰው ወደ እግሩ ይወድቃል።

ለስላሳ ነው ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ትልቅ ቦርድ ማዕበል ሲወረውረው ከባድ ነው። በእርስዎና በሚመጣው ማዕበል መካከል ቦርዱን በጭራሽ አያስገቡ። ሲወድቁ ጠለቅ ብለው ሳይሆን ጠፍጣፋ ሆነው ይውደቁ፣ ሲወጡም እጅዎ ጭንቅላትዎን ይሸፍን። ቦርዱን ጥለው ከሥር አይጥለቁ፤ ከኋላ ሌላ ሰው አለ።

የተካኑት ጋ ስንደርስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጄሚ ኦብራየን በሃዋይዋ ኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ያደገ ሰርፈር ነው። ፓይፕላይን በተባለው፣ ከሥሩ ጥልቀት የሌለው ድንጋይ ባለበት አስፈሪ ማዕበል ላይ ማዕበሉ ሲጠቀለል በሚፈጥረው ቱቦ ውስጥ በለስላሳ ቦርድ ሲያልፍ በቪዲዮ ታይቷል። ካች ሰርፍ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ይህን መንገድ ይዞ ለተካኑ አጫጭር ቦርዶች ይሠራል። አሜሪካዊው ሰርፈር ብሌር ኮንክሊን ደግሞ ክንፍ በሌለው ቦርድ እየተሽከረከረ ይንሸራተታል። ትንሽና ደካማ ማዕበል ባለበት ቀን ይህ ጨዋታ ሰርፍን እንደገና አስደሳች ያደርገዋል።

እኛም ዘንድ ሩቅ ነገር አይደለም። እስራኤል ውስጥ ሰርፍን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ቦርድ ይዞ የመጣው አሜሪካዊው ሐኪም ዶሪያን ፓስኮዊትዝ ነው። ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤል የሚኖሩባቸው አሽዶድ፣ አሽቀሎንና ናታኒያ የሰርፍ ዳርቻ ያላቸው ከተሞች ናቸው። ከሎስ አንጀለሱ ሊትል ኢትዮጵያ ተነስቶ ሳንታ ሞኒካ ለመድረስም ጥቂት የመኪና መንገድ ነው። ዱባይ ያለ ሰው ደግሞ ሰንሴት ቢች የተባለውን ዳርቻ ማየት ይችላል።

ስለ አያያዙ አንድ ነገር። የለስላሳ ቦርድ ጠላት ጨው ሳይሆን ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ ውስጡ ያለው አየር ያብጥና ላዩ ከእንብርቱ ይላቀቃል። አንዴ ከተላቀቀ በኋላ በደንብ መጠገን ከባድ ነው። የተጣለ ርካሽ ቦርድ ደግሞ ወደ ትናንሽ ነጭ ፍሬዎች ይበታተንና ባሕሩን ያቆሽሻል። ስለዚህ አንድ ጠንካራ ገዝቶ ለዓመታት መያዝ ይሻላል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ላዩን በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር እየተጫነ ይፈትሽ፤ አየር የያዘ ቦታ ካለ ይሰምጥና ይመለሳል። ከዚያ በሁለት እጁ ያንሳው። ከሚጠበቀው በላይ ከከበደ ውስጡ ውሃ ገብቷል፣ ይተወው።