የመንግሥት የምርምር ወይን ጠጅ መጥመቂያ ምንድን ነው?

«የሙከራ ወይን ጠጅ» የሚለው አጠራር ያለ ቦታው ሲገባ እያየሁ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ በሰሜን ጣልያን በአልፕስ ተራሮች መካከል የሚገኘውን የላይምቡርግ ወይን ጠጅ መጥመቂያ «አልፓይን» (የአልፕስ) እያሉ ጠቅሰው፣ መንግሥት በግብር ከፋዩ ገንዘብ እየጠመቀ የላቦራቶሪውን ውጤት በገዢው ጉሮሮ እንደሚሞክር ጻፉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ስሕተት ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሁለቱን በአጭሩ አልፌ ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ።

ባለቤቱ የሮም መንግሥት ሳይሆን ራስ ገዙ የቦልዛኖ ክፍለ ሀገር ነው፤ ይኸውም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሪያ ወደ ጣልያን የተዛወረው፣ አብዛኛው ነዋሪ ጀርመንኛ የሚናገርበት ደቡብ ቲሮል ነው። አንባቢያችን «የመንግሥት» ሲባል አዋሽ ወይን ጠጅ ወደ ግል ከመዛወሩ በፊት የነበረበትን ዘመን ቢያስታውስ አልፈርድበትም፤ ሆኖም አዋሽ ለገበያ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር፣ ላይምቡርግ ግን በ1975 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከል ጎን የቆመ እርሻና ጓዳ ነው።

«አልፓይን» ሲባልም በረዶ የተጫነው ወይን ማለት አይደለም። የቦልዛኖ ሸለቆ በበጋ ከጣልያን ሞቃት ቦታዎች ተርታ የሚጠራ ነው። ሙቀቱ በየመቶ ሜትሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ የወይን ማሳ ከ200 ሜትር ግድም ተነሥቶ ወደ 1,000 ሜትር በሚጠጋበት በዚህ አገር፣ በታችኛውና በላይኛው ማሳ መካከል ወደ 5 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል። ላግራይን የተባለው የቀይ ወይን ዝርያ ከታች፣ ከሸለቆው ሙቀት ይስማማዋል፤ ሙለር ቱርጋው የተባለው ነጭ ዝርያ ከላይ ኮምጣጣነቱን ጠብቆ ይበስላል። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አንዱን ዝርያ በተለያየ ከፍታ ተክሎ ነገ የሚመጣውን ሙቀት ዛሬ ታች ማሳ ላይ ማየት ይቻላልና። (ይቻላል ስል ግን በጥንቃቄ ነው፤ ከፍታ ሲለወጥ አፈሩም፣ የተዳፋቱ አቅጣጫም፣ ከሰዓት በኋላ ከጋርዳ ሐይቅ በኩል የሚነሣው ኦራ የተባለው ነፋስም አብሮ ስለሚለወጥ፣ ልዩነቱን ሁሉ ለሙቀት ብቻ መስጠት ትክክል አይደለም።)

ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ። ሰዎች ምርምርና ሽያጭ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ሙከራው ጠርሙሱ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። እንዲህ ባለ ተቋም ሁለቱ የሚገናኙት ማሳው ላይ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ሲደርሱ ተለያይተዋል። ነገሩን በእንጀራ ላስረዳ። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በ2006 እ.ኤ.አ. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ሲወጣ ምርታማነትን ከነጭ ቀለም ጋር አዛምዶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ኩንታሉን መዝኖ ቀለሙን አይቶ ስለ እንጀራው ዓይንና በሦስተኛው ቀን ስለሚኖረው ልስላሴ መናገር አይቻልም። ለዚያ ማቡካትና መጋገር ያስፈልጋል፤ የሚጋገረውም በአንድ እርሾ፣ በአንድ ምጣድ፣ በአንድ እጅ መሆን አለበት። አንዱን ጤፍ አንዷ፣ ሌላውን ሌላዋ ከጋገረችው ያነጻጸርነው ጤፉን ሳይሆን ጋጋሪዎቹን ነው።

የወይን ተመራማሪም እንዲሁ እንጎቻ ይጋግራል። በሙያው ማይክሮቪኒፊኬሽን የሚባለው ይህ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ የሙከራ መደብ ጥቂት አሥር ኪሎ ፍሬ ተለቅሞ በትንንሽ ዕቃ፣ በተመሳሳይ እርሾና በተመሳሳይ ሙቀት ይብላላል። ዕቃው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። እንጎቻውን የሚበሉት ደግሞ ምጣዱን ከበው የሚጠብቁት ልጆች ናቸው፤ እነርሱም የሠለጠኑ ቀማሾች ሲሆኑ፣ ሦስት ብርጭቆ ይቀርብላቸውና ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ ልዩ እንደሆነ ተነግሯቸው ልዩውን እንዲለዩ ይጠየቃሉ። መለየት ካቃታቸው፣ ተመራማሪው በማሳው ላይ ምንም ያህል ቢደክም፣ ልዩነቱ በቅምሻ አልታየም ተብሎ ይመዘገባል። ለእንግዳ ግን እንጎቻ አይቀርብም፤ የትንሹ ዕቃ ወይን ጠጅም ለገዢ አይቀርብም።

እንግዲያስ ትልቁ ጓዳ ለምን አስፈለገ? እንጎቻ ከሙሉ እንጀራ ፈጥኖ ስለሚበስል ነው። ትንሽ ዕቃ ከይዘቱ አንጻር ሰፊ ገላ ስላለው በመብላላት የሚፈጠረውን ሙቀት ቶሎ ያጣል፤ ብዙ ሺህ ሊትር የሚይዝ ጋን ግን ካልቀዘቀዘ ራሱን ያግላል፣ መዓዛውም አብሮት ይሄዳል። በትንሹ ዕቃ ጥሩ የተባለው አሠራር ገበሬው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእውነተኛ መጠን መታየት አለበት። በቀይ ፖርፊሪ ዐለት ውስጥ የተፈለፈለው የላይምቡርግ ጓዳ ጎብኚ ፎቶግራፍ የሚያነሣበት ውብ ቦታ ነው፤ ከምርምሩ አንጻር ጥቅሙ ግን ውበቱ አይደለም።

ምሳሌዬ የሚሰበረው ጊዜ ላይ ነው። ጤፍ በየዓመቱ ይዘራል፤ ወይን ግን ከተተከለ እስከ መጀመሪያው ምርት ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፣ አዲስ ዝርያ አዳቅሎ እስከ ገበሬው ማድረስ ደግሞ ሩብ ምዕተ ዓመት ሊወስድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥበቃ፣ ያውም ብዙዎቹ ችግኞች መጨረሻ ላይ ተነቅለው እንደሚጣሉ እያወቀ፣ የሚከፍል የግል ባለቤት ጥቂት ነው። ከላይምቡርግ በስተ ደቡብ፣ የቲሮል ምክር ቤት በ1874 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው የሳን ሚኬሌ ተቋም፣ ሬቦ ሪጎቲ የተባለ ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. አዳቅሎ ያወጣውና ዛሬ በስሙ «ሬቦ» የሚባለው ዝርያ ሜርሎና ማርዜሚኖ የተባሉት የወይን ዝርያዎች ልጅ ነው ተብሎ ሲጻፍ ኖረ። በኋላ የዲኤንኤ ምርመራ ሲደረግ ሁለተኛው ወላጅ ማርዜሚኖ ሳይሆን ቴሮልደጎ የተባለው ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ ሊታረም የቻለው ተክሉም መዝገቡም ለዐሥርት ዓመታት ስለተጠበቁ ነው።

አስተያየት ሰጪው ሊያነሡት የሚገባ አንድ ጥያቄ ግን ነበረ። በሕዝብ መሬት የተመረተ ጠርሙስ ከግል ገበሬው ጠርሙስ ጋር በአንድ መደርደሪያ ሲቀመጥ ዋጋው በምን ይተመን? ርካሽ ቢሆን ገበሬውን ይጎዳል፤ ውድ ቢሆን በምርምር ስም የሚነገድ ያስመስላል። ይህ ግን የገበያ ውድድር ጥያቄ ነው፤ ከገዢው ጉሮሮ ጋር አይገናኝም።