ጦርነት ያሸነፈ መሪ ወንበሩ ላይ ይቆያል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ጦርነትና ስለ አምባገነኖች ሲወራ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ፣ ግማሽ እውነት ስለሆኑ ነው ለማረም የሚያስቸግሩት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

"ጦርነት ያሸነፈን መሪ ማንም አይነቀንቀውም"

የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልን እዩት። ሜይ 1945 ጀርመን እጅ ሰጠች፣ ጁላይ ላይ የምርጫ ውጤት ሲገለጽ ተፎካካሪው ሌበር ፓርቲ 393 የፓርላማ መቀመጫ ወስዶ ቸርችል ወጣ፣ ያውም ከስታሊንና ከትሩማን ጋር የጀመረውን የፖትስዳም ጉባኤ እንኳን ሳይጨርስ፣ የጨረሰው የሌበሩ መሪ አትሊ ነው። ሕዝቡ ጠልቶት አይደለም፣ ለጦርነት የፈለጉትን ሰው ለቤትና ለስራ ለህክምና አልፈለጉትም። አባትየው ቡሽም በ1991 ኢራቅን ከኩዌት ሲያስወጣ በጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት ጥናት 89 ፐርሰንት ድጋፍ ነበረው፣ በ1992 ግን ሰው ስለ ኢኮኖሚው እያሰበ ክሊንተንን መረጠ።

"የተሸነፈ አምባገነንማ አበቃለት"

ይሄ ነው በጣም የሚወሳሰበው። የአርጀንቲናው ጋልቲየሪ አፕሪል 1982 በእንግሊዝ ስር የነበሩትን የፎክላንድ ደሴቶች ሲይዝ የቦነስ አይረሱ አደባባይ ፕላዛ ዴ ማዮ በደስታ ጩኸት ሞላ፣ በዚያው ሳምንት እኮ እዛው አካባቢ ፖሊስ ተቃዋሚ ሲደበድብ ነበር። ጁን 14 ጦሩ እጅ ሰጠ፣ በቀናት ውስጥ የገዛ ጄኔራሎቹ አወረዱት። የኢራቁ ሳዳም ግን በ1991 ተሸንፎ፣ ደቡቡም ሰሜኑም አምጾበት፣ እስከ 2003 ቆየ፣ ያወረደውም የውጭ ጦር ነው። ልዩነቱ ከጎናቸው ያለው ሰው ይመስለኛል፣ ጋልቲየሪ በጁንታው (ሀገሪቱን በጋራ በሚገዙት የጦር አዛዦች ቡድን) ውስጥ እኩዮች ነበሩት፣ እሱ ቢሄድ እነሱ ይተርፋሉ ብለው ማሰብ የሚችሉ ሰዎች። ሳዳም ደህንነቱንና ጥበቃውን በልጆቹና በዘመዶቹ ነው የሞላው፣ እሱ ከወደቀ አብረው ነው የሚወድቁት።

የኦጋዴንን ጦርነት ደሞ ውሰዱ። በ1978 የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ተሸነፈ የኛው መንግስቱ አሸነፈ፣ ሁለቱም ግን ከዋና ከተማቸው የሸሹት በዛው በ1991 ነው፣ ሁለቱንም የጣላቸው የሀገር ውስጥ አማጺ ነው። ድሉም ሽንፈቱም 13 ዓመት ካለፈ በኋላ ለማናቸውም መልስ አልሆነም።

"ጠመንጃ ካለው ቅቡልነት ምን ያደርግለታል?"

ጠመንጃውን የያዘው እሱ ሳይሆን ወታደሩ ነው እኮ! ወታደሩ ደሞ ወይ በሰውየው ማመን አለበት ወይ ሌላው ሁሉ እንደሚታዘዝ ማመን አለበት፣ ያ እምነት ሲሰነጠቅ ጥይት ብቻውን ምንም አያደርግም። ለዛ ነው አምባገነን ሁሉ ሕግ፣ ታሪክ፣ ሰላም፣ ልማት፣ ያገኘውን እየያዘ "ይገባኛል" የሚለው።

"ሂትለርን አብዛኛው ጀርመናዊ መርጦታል"

አልመረጠውም። ጁላይ 1932 ፓርቲው 37 ፐርሰንት አገኘ፣ ኖቬምበር ላይ ወደ 33 ወረደ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ቻንስለር አድርጎ የሾመው ፕሬዝዳንት ሂንደንበርግ ነው። ማርች ላይ ተቃዋሚው እየታሰረ እየተደበደበ በተደረገው ምርጫ እንኳን 44 ገደማ ነው ያገኘው። የሚያሳዝነው ሁሉም ነገር የሕግ ልብስ ለብሶ ስለመጣ ዳኛውም የቢሮ ሰራተኛውም "ሕጋዊ ነው" እያለ መታዘዙን መቀጠሉ ነው።

"100 ፐርሰንት አሸነፍኩ የሚል ምርጫ ማንን ያታልላል?"

ማታለል ዓላማው አይደለማ። ሳዳም ኦክቶበር 2002 መቶ ፐርሰንት አገኘሁ ሲል መልእክቱ "ውሸት እንደሆነ ታውቃለህ፣ ግን ወጥተህ ትመርጣለህ" ነው፣ ጎረቤትህ ሲሰለፍ ስታይ ብቻህን የቀረህ ይመስልሃል። ግን ድምጹ የምር ከተቆጠረ አደጋ አለው። የቺሊው አምባገነን ፒኖቼ በ1988 "ስልጣን ላይ ይቆይ ወይ?" በሚል ሕዝበ ውሳኔ 56 ለ44 ገደማ ተሸነፈ፣ በዛች ሌሊት የአየር ሃይሉ አዛዥ ራሱ ለጋዜጠኞች "አይ" የሚለው ድምጽ እንዳሸነፈ ተናገረ፣ ከዛ በኋላ ውጤቱን መገልበጥ እንዴት ይቻላል?

"ሕዝቡ ዝም ካለ ይደግፈዋል ማለት ነው"

ይሄን ስሰማ ነው በጣም የምናደደው። ዲሴምበር 21 ቀን 1989 የሩማንያው አምባገነን ቻውሼስኩ ቡካሬስት ላይ ንግግር ሲያደርግ ሰልፈኛው የመጣው ለማጨብጨብ ተጠርቶ ነበር፣ ከመሃል ጩኸት ተነሳ፣ ሰውየው እጁን አንስቶ ደነገጠ፣ የቀጥታ ስርጭቱም ተቋረጠ። ያ ሕዝብ በአንድ ቀን ሃሳቡን አልቀየረም፣ ሌላውም እንደሱ እንደሚያስብ ያወቀው ያን ቀን ነው። በማግስቱ ጦሩ ከዳው፣ ቻውሼስኩም በሄሊኮፕተር ሸሸ።