ስድስት መቶ ፓውንዱን ማን ከፈለ?

አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ እንድትወጣ ከታገሉት መሪዎች አንዱ የሆነው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም በተነሣ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፦ «የእንግሊዝን ንጉሥ በዓመት 600 ፓውንድ እየበላ ኖሮ መልሶ ከዳው!» ሠላሳ ዓመት የደመወዝ ክፍል ውስጥ የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ፤ ይህን ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።

ፍራንክሊን በ1753 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ምክትል ጠቅላይ የፖስታ ሹም ሲሆን ብቻውን አልነበረም፤ የቨርጂኒያው ዊሊያም ሀንተር አብሮት ተሾሟል። 600 ፓውንዱ ለሁለቱ ነው። ለዚያውም ከፖስታው ትርፍ ካገኙት! ከንጉሡ ካዝና የሚወጣ የለም። የአሜሪካ ፖስታ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ለለንደን ምንም ትርፍ ገቢ አድርጎ አያውቅም። ስለዚህ ሰዎቹ የተሰጣቸው ደመወዝ ሳይሆን ደመወዝ የመፈለግ ፈቃድ ነበር።

ፖስታውን ማሻሻል ገንዘብ ጠየቀ፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት መሥሪያ ቤቱ ለሁለቱ ከ900 ፓውንድ በላይ ባለዕዳ ሆነ። አንድ ባልደረባዬ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ናፍጣውንም አልጋውንም ከኪሱ ከፍሎ፣ የውሎ አበሉን «በጀት ሲለቀቅ» እየተባለ ስምንት ወር ጠብቋል። ሰነዱ ላይ ግን አበል ተፈቅዶለታል! ልጆቼ፣ የሹመት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ከቁጥሩ በፊት «ከየት ይከፈላል» የሚለውን ፈልጉ። ካልተጻፈ አስጽፉ። «በኋላ እናስተካክላለን» ላላችሁ አለቃ ፈገግ በሉለትና ብዕሩን አቀብሉት።

«ላኪው ቴምብር ለጥፎ ይከፍል ነበር» የሚሉም አሉ። ተለጣፊ ቴምብር የመጣው በ1840 ነው፤ በፍራንክሊን ዘመን በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ያልተወሰዱ ደብዳቤዎች ዝርዝር በጋዜጣ ይወጣ የነበረውም ለዚሁ ነው።

ጥቅማ ጥቅምን ካነሣችሁ ግን አልከራከርም። በ1737 የፊላደልፊያ የፖስታ ሹም ሲሆን ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን ጋዜጣ አሳታሚ ስለነበር አንባቢውም ማስታወቂያውም በዛለት። ይህ ከደመወዝ ይበልጣል።

«ሥራውን አበላሽቶ ተባረረ» የሚለው ደግሞ ቅጥፈት ነው። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ይሄድ የነበረውን የፊላደልፊያና የኒው ኢንግላንድ ፖስታ በየሳምንቱ አደረገው፤ ስድስት ሳምንት ይፈጅ የነበረው የቦስተን መልስ በሦስት ሳምንት ይደርስ ጀመር። ትርፉም መጣ። በ1774 የተሻረው የማሳቹሴትስ አገረ ገዢ ደብዳቤዎች በእሱ በኩል ሾልከው በመውጣታቸው ነው፤ ከሒሳቡ ጋር አይገናኝም።

በሐምሌ 1775 የቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ ጠቅላይ የፖስታ ሹም አድርጎ ሾመው። ለራሱ በዓመት 1,000 ዶላር፣ ለጸሐፊና ለሒሳብ ተቆጣጣሪ 340 ዶላር ተመደበ። ወጪው ከገቢው ከበለጠ ጉድለቱን ቅኝ ግዛቶቹ እንደሚሸፍኑ በውሳኔው ላይ ሰፍሯል። «ትርፍ ከተገኘ» የምትለዋ ሐረግ በዚህኛው የለችም።