ተከላካይ ጠበቃ ምንድን ነው?

በወንጀል የተጠረጠረ ወይም የተከሰሰ ሰው በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ ፊት ብቻውን እንዳይቆም የሚያደርገው የሕግ ባለሙያ ተከላካይ ጠበቃ ይባላል። ሥራው፣ ብዙ ሰው እንደሚያማው፣ ወንጀለኛ ማስመለጥ አይደለም። ጥፋቱን በማስረጃ የማረጋገጥ ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው። ጠበቃው ማስረጃውን ይመረምራል፣ ምስክሮችን በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትናል፣ ጥፋቱ ከተረጋገጠም ቅጣቱ እንዲቀልል ይከራከራል።

ጎጃም ውስጥ ጠበቃ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ቢቸና ወይም ቡሬ አካባቢ በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ተጎድቶ ወንድም ቢታሰር፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ ሽማግሌ ይልካል፣ ቀጥሎ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ይሄዳል፤ የጠበቃ ነገር የሚነሣው ክሱ ከተነበበ በኋላ ነው። ሽማግሌ መላኩ ደግ ነው፣ ቂም ያበርዳል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ቀላል ወንጀሎችንም ሊዘጋ ይችላል። የነፍስ ግድያ ክስን ግን እርቅ አያስቀረውም። መጸጸትና መካስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ቅጣት ለማቅለል ሊጠቅሙ ይችላሉ፤ እነሱንም በወጉ ለፍርድ ቤት የሚያቀርብ ያስፈልጋል።

ሰው የሚጎዳው በመዘግየቱ ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፖሊስ ጣቢያ ነውና። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ይደነግጋል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚሰጠው ቃል ይመዘገባል። የደነገጠ ገበሬ «ልናገርና ልገላገል» ብሎ ፈርሞ ከወጣ በኋላ ያንን ቃል ማስተባበል እጅግ ከባድ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመጓጓዣው ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊስ የምርመራ ጊዜ ሲጠይቅ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድለትም። ዋስትና ለመጠየቅም ሆነ ቀጠሮውን ለመቃወም ጠበቃው የሚፈለገው ያኔ ነው።

ገንዘብ የሌለውስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የመክፈል አቅም ለሌለውና ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ መብት ይሰጣል። ይህን በችሎት ለዳኛው በግልጽ መጠየቅ ነው። የመንግሥት ጠበቃን የሚንቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን የውርስና የመሬት ክርክር ብቻ ከለመደ ውድ ጠበቃ ይልቅ በየቀኑ ወንጀል ችሎት የሚውለውን እመርጣለሁ። ችግሩ የመዝገብ ብዛት ስለሆነ፣ ቤተሰቡ የምስክሮችን ስምና አድራሻ አዘጋጅቶ ቢጠብቀው ብዙ ይረዳዋል።

በግል የሚቀጥር ሰው ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግማሽ ቀን ገብቶ ይቀመጥ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሁሉም ክፍት ነው፤ መዝገቡን አንብቦ የመጣና ያላነበበ ጠበቃ ሲጠይቁ ይለያሉ። የጥብቅና ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ማየት ነውር አይደለም። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ወይም «በነፃ አስወጣዋለሁ» የሚል ከመጣ ግን ሻይውን ከፍሎ መለየት ነው።

አንድ ነገር በተለይ ይታሰብበት። ሁለት ወንድማማቾች አብረው ሲከሰሱ ቤተሰቡ ወጪ ለመቀነስ አንድ ጠበቃ ይይዛል። አንደኛው «እኔ ገላጋይ ነበርኩ» ቢል መከላከያው ወንድሙን ይወጋዋል፤ አንድ ሰው ሁለቱንም በሐቅ ሊወክል አይችልም። ታሪካቸው የሚለያይ ከሆነ ጠበቃቸውም ይለይ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው በስንት ዙር እንደሚፈጸምና ይግባኝን እንደሚጨምር ወይም እንደማይጨምር ይግለጽ። ይግባኝ ለማለት ማስታወቂያ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው። በዚያ መሀል ለይግባኙ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ባሕር ዳር፣ የሚሄድ አዲስ ጠበቃ መፈለግ ለታሳሪ ቤተሰብ ቀላል አይሆንም።