በሚና ጨዋታዎች የገጸ ባሕርያት ችሎታ ደንቦች አተረጓጎም

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ የጨዋታው መሪ ደግሞ የቀሩትን ሰዎችና ዓለሙን ሁሉ ወክሎ፣ በንግግርና በዳይስ አንድ ታሪክ የሚያስኬዱባቸው ጨዋታዎች ናቸው። ገጸ ባሕርዩ ከሌሎቹ የሚለየው በችሎታዎቹ ነው፤ እነዚህም ችሎታዎች በደንብ መጻሕፍት ውስጥ በጥቂት መስመሮች ተጽፈው ይገኛሉ። ጸሐፊዎቹ ተጫዋቾች የሚገጥሟቸውን ሁኔታዎች ሁሉ አስቀድመው ሊያውቁ ስለማይችሉ፣ የተጻፈውን ከሆነው ነገር ጋር ማገናኘት፣ ማለትም ደንቡን መተርጎም፣ የጨዋታው አንዱ ክፍል ሆኖ ኖሯል።

ይህ ሥራ ከሚና ጨዋታዎች በፊት የተጀመረ ነው። የፕሩሲያ መኮንን የነበረው ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ በ1824 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የጦር ልምምድ ጨዋታ ውስጥ፣ የሁለቱን ወገኖች ትእዛዝ ተቀብሎ ውጤቱን የሚወስን ዳኛ ነበር። ዳኛው በሰንጠረዦችና በዳይስ የታሰረ ስለነበር ጨዋታው ይንዛዛል የሚል ቅሬታ ተነሣ፤ በ1876 ዩሊየስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኖይስ የዳኛው የጦር ሜዳ ልምድ የሰንጠረዦቹን ቦታ ይተካ የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ዛሬም በየጠረጴዛው የሚነሣው ክርክር በእነዚህ ሁለት አቋሞች መካከል ያለ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያሳተሙት «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ከጦርነት ጨዋታዎች ስለተወለደ፣ ዳኛውንም ክርክሩንም አብሮ ወረሰ።

በዚህ ጨዋታ ገጸ ባሕርዩ ስድስት መሠረታዊ መለኪያዎች አሉት፤ እነርሱም ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ የሰውነት ጽናት፣ የመረዳት ችሎታ፣ ጥበብና የስብዕና ተጽዕኖ ናቸው። በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ከመለኪያው 10 ተቀንሶ ቀሪው ለሁለት ሲካፈልና ወደ ታች ሲጠጋጋ በዳይሱ ላይ የሚደመረው ቁጥር ይገኛል፤ ስለዚህ 15 ጉልበት ያለው ገጸ ባሕርይ 2 ይጨምራል። በስሌቱ ላይ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው በዐረፍተ ነገር ከተጻፉት ልዩ ችሎታዎች ላይ ነው፤ እነዚህንም ለማንበብ ዋናው መመሪያ ልዩ ደንብ ከአጠቃላይ ደንብ ይበልጣል የሚለው ነው። አንድ ችሎታ አጠቃላዩን ደንብ የሚሽረው ግን ራሱ በግልጽ በሚናገርበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ በቀረው ሁሉ አጠቃላዩ ደንብ እንደጸና ይቆያል። ብዙ የተሳሳተ ንባብ የሚመጣው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ሲዘነጋ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሮግ የሚባለው የስውር ሥራ ባለሙያ ያለው የድንገተኛ ጥቃት ችሎታ ነው። የ2014ቱ ጽሑፍ ባለሙያው «በአንድ ተራ አንድ ጊዜ» ተጨማሪ ጉዳት እንዲያደርስ ይፈቅዳል፤ የሚሠራውም በቅልጥፍና በሚያዝ መሣሪያ ወይም ከሩቅ በሚወነጨፍ ሲሆን፣ በተጨማሪም ባለሙያው በዳይሱ ላይ ብልጫ (ሁለት ጊዜ ጥሎ ትልቁን ቁጥር የመውሰድ መብት) ያለው ከሆነ፣ ወይም ሌላ የዒላማው ጠላት ከዒላማው በ5 ጫማ ርቀት ውስጥ ከቆመ ነው። ብዙ ሰው ይህን በአንድ ዙር አንድ ጊዜ አድርጎ ያነበዋል። ነገር ግን ዙር ማለት ሁሉም ተሳታፊ ተራውን የሚያገኝበት ጊዜ ነውና፣ ባለሙያው በራሱ ተራ አንድ ጊዜ ከተጠቀመ በኋላ፣ ጠላት በጠላት ተራ ከአጠገቡ ሲሸሽ በአጸፋ ቢመታው፣ ያ ሌላ ተራ ስለሆነ ተጨማሪው ጉዳት እንደገና ይፈቀድለታል። የጨዋታው አዘጋጆችም ይህን ንባብ አጽድቀዋል። ሁለተኛው ነጥብ የበለጠ ረቂቅ ነው፤ «የዒላማው ጠላት» የባለሙያው ወዳጅ መሆን አይጠበቅበትም፣ ከሁለቱም ጋር የሚጣላ አውሬ ሊሆን ይችላል። በ2024 የታተመው እትም ግን ሐረጉን ወደ ተጫዋቹ አጋር ለውጦ ይህን በር ዘጋው። ከዚህ የሚታየው፣ የቀደመው ሰፊ ንባብ ከተጫዋቾች ብልጠት የመነጨ ሳይሆን በጽሑፉ ውስጥ በእርግጥ የነበረ መሆኑን ነው።

ከዚህ ይልቅ አከራካሪ የነበረው ፓላዲን የተባለው የእምነት ተዋጊ በመለኮታዊ ምት፣ ማለትም ሲመታ ተጨማሪ ጉዳት በሚያደርስበት ችሎታው ጊዜ፣ ባዶ እጁን መጠቀም ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። በአምስተኛው እትም በቡጢ መምታት ከመሣሪያ ጥቃት ይቆጠራል፣ ቡጢ ራሱ ግን መሣሪያ አይደለም። መለኮታዊው ምት ደግሞ ከመሣሪያው ጉዳት በተጨማሪ እንደሚታከል ተጽፏል። አዘጋጁ ጀረሚ ክሮፎርድ መሣሪያ ከሌለ የመሣሪያ ጉዳት ስለማይኖር አይቻልም ብሎ ተርጉሞታል። ንባቡ ከጽሑፉ ጋር ይስማማል፤ ሆኖም አንድን ታሪክ የሚያሳምር ተግባር በአንዲት ሐረግ ብቻ መከልከሉ ለብዙ የጨዋታ መሪዎች አልተዋጠላቸውም፣ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። የ2024ቱ እትም ችሎታውን ወደ ድግምት ሲቀይረው በቡጢ መጠቀምን በግልጽ ፈቅዷል።

ይህ ሁሉ ማብራሪያ የሚሰጥበት ልማድ የቆየ ነው። «ድራጎን» በተሰኘው መጽሔት ላይ በ1979 የተጀመረው የጥያቄና መልስ ዓምድ ለአሥርተ ዓመታት የአንባቢዎችን ጥያቄ ሲመልስ ኖሯል። ክሮፎርድ በኋላ ይህንኑ ሥራ ሲቀጥል መልሶቹን በሦስት መነጽር ያይ ነበር፤ እነርሱም ደንቡ እንደተጻፈው፣ ደንቡ እንደታሰበው፣ እና ደንቡ ለጨዋታው ደስታ እንዲያገለግል ናቸው። ሦስቱ በአንድ ጥያቄ ላይ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሊሰጡ ይችላሉ። ስለሆነም በጠረጴዛው ዙሪያ የሚከራከሩ ሰዎች በየትኛው መነጽር እየተነጋገሩ እንደሆነ አስቀድመው ካልተስማሙ ክርክሩ መቋጫ አያገኝም።

አንዳንድ ጨዋታዎች ችግሩን ከምንጩ ለመቀነስ ሞክረዋል። በ2019 የወጣው የ«ፓዝፋይንደር» ሁለተኛ እትም እያንዳንዱን ችሎታ ቋሚ ፍቺ ባላቸው መለያ ቃላት ስለሚያስር፣ አንባቢው የጸሐፊውን ሐሳብ ከመገመት ይልቅ ቃሉን መፈለግ ይበቃዋል፤ ክፍያው የመጽሐፉ መወፈርና የንባቡ መድረቅ ነው። የጥንቱን አጨዋወት የሚወዱ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ጥቂት ደንብና ብዙ የዳኛ ውሳኔ ይመርጣሉ፤ በዚያ ሥርዓት ተጫዋቹ «ችሎታዬ ይፈቅድልኛል» ከማለት ይልቅ ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር ይናገራል።

የ2024ቱ የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ ደንቦች የፊዚክስ ሕግ እንዳልሆኑና በቅን ልቦና ሊነበቡ እንደሚገባ በግልጽ ጽፏል። በተግባር ይህ ማለት፣ ብዙ ሰዎችን አሰልፎ አንድን ዕቃ በቅብብሎሽ በስድስት ሴኮንድ ዙር ውስጥ እጅግ ሩቅ ቦታ ማድረስና ዕቃው ከዚያ ፍጥነት የተነሣ ግንብ ያፈርሳል ብሎ መከራከር ተቀባይነት የለውም፤ ደንቡ ዕቃው እጅ ለእጅ መተላለፉን እንጂ ፍጥነት ማግኘቱን አይናገርምና። ጠንቃቃ የጨዋታ መሪ ጨዋታው በሚሄድበት ሰዓት ጥርጣሬ ሲነሣ ጽሑፉን አንድ ጊዜ አንብቦ፣ የተጫዋቹን ሐሳብ ሰምቶ፣ ወዲያው ይወስናል፤ ጨዋታው ካበቃ በኋላ ጉዳዩን በሰከነ መንፈስ ይመረምረዋል፤ የደረሰበትንም ውሳኔ ይጽፈዋል፣ በቀጣዩም ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲነሣ ለዚህ ተጫዋች የፈቀደውን ለሌላው አይከለክልም።